ከጉልበት በፊት ፍሬን፦ አሮጌ ስቴሽን ዋገንን ለዕለት ተዕለት መንዳት

አሮጌ መኪና ሁለት ዓይነት ፈራጅ አታጣም። አንደኛው ገና ከሩቅ ሲያያት «ይህን ቆርቆሮ መቼ ነው የምትጥለው?» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ እጁን በኮፈኗ ላይ ጫን አድርጎ «እንደ ድሮ መኪና ያለ የለም፤ የዛሬዎቹ ፕላስቲክ ናቸው» ብሎ ይምላል። ሁለቱም ፍርዳቸውን የሚሰጡት መኪናዋን ሳይመረምሩ ነው። የመጀመሪያው የዕድሜዋን ቁጥር ብቻ ያያል፤ የሁለተኛው ሚዛን ትዝታ ነው። በየማለዳው ሥራ የሚሄድባት፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስባት፣ ቅዳሜ አስቤዛውን የሚጭንባት ሰው ግን ከሁለቱም የተለየ መልስ ያስፈልገዋል።

ጥያቄው ይበልጥ የሚከብደው መኪናዋ ከፋብሪካ እንደወጣች ያልቆየች እንደሆነ ነው። ሞላዋ አጥሮ ወደ መሬት የተጠጋች፣ ሞተሯ ላይ ቱርቦ የተጨመረባት፣ ማርሚታዋ ተቀይሮ ድምጿ የጎረነነ፣ መብራቷ በአዲስ የተተካ አሮጌ ስቴሽን ዋገን በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የመኪና ወዳጆች ዘንድ በእጅጉ የምትፈለግ ናት። እንዲህ ያለችውን መኪና ለእሁድ ሽርሽር ማቆየት አንድ ነገር ነው፤ በዝናብም በበረዶም የቤተሰብ መጓጓዣ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው። አሮጌ ስቴሽን ዋገን ዛሬም ምክንያታዊ የዕለት መኪና ልትሆን ትችላለች። ይህን በዋነኛነት የሚወስነው የተመረተችበት ዓመት ሳይሆን ለውጡ የተደረገበት ቅደም ተከተልና በዓመት የምትሄደው ርቀት ነው። በአግባቡ መቆም መቻሏ ሳይረጋገጥ በፍጥነት እንድትሮጥ የተደረገች መኪና የቱንም ያህል ብታምር ቤተሰብ የሚሳፈርባት መኪና አይደለችም።

ለምሳሌ ያህል ቮልቮ 240

ነገሩን በአንዲት መኪና ማየት ይቀላል። የስዊድኑ ቮልቮ 240 እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1993 ድረስ ከ2.6 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ስቴሽን ዋገኗ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት 245 ተብላ ትጠራ ነበር፤ አራቱ የሲሊንደሮቿን፣ አምስቱ ደግሞ የኋላውን ጨምሮ የበሮቿን ብዛት የሚያመለክቱ ናቸው። ሳጥን የመሰለው ቅርጿ የውበት ሊቃውንትን ባያስደስትም ጀርባዋ ቀጥ ብሎ የወረደ፣ የጭነት ወለሏም ሰፊና ጠፍጣፋ በመሆኑ ለዕቃ ጫኝ ግን እጅግ የተመቸ ነው።

ይህች መኪና እስከ ዛሬ በየመንገዱ የምትታይበት ምክንያት ምሥጢር አይደለም። በኋለኞቹ ዓመታት የተገጠመላት ቢ230 የተባለው ሞተር 2.3 ሊትር ሲሆን፣ በአሜሪካ ገበያ የሚሰጠው ጉልበት 114 የፈረስ ጉልበት ገደማ ብቻ ነበር። ከመጠኑ አንጻር ጉልበቱ ትንሽ መሆኑ ማለት ብረቱ ብዙ ጫና አይደርስበትም ማለት ነው። በብዙ ሞተሮች ላይ ታይሚንግ ቺንጋ ሲበጠስ ፒስተን ከቫልቭ ጋር ተጋጭቶ ቴስታታውን ያበላሻል፤ በዚህ ሞተር ላይ ግን ሁለቱ ስለማይደራረሱ ቺንጋው ቢበጠስ መኪናዋ መንገድ ላይ ትቆማለች እንጂ ሞተሩ አይሞትም። በኮፈኑ ሥር ያለው ቦታ ሰፊ ስለሆነ ባለቤቱ ራሱ መፍቻ ይዞ ካንዴላ መቀየር፣ ራዲያተር ማውረድ፣ ዲናሞ መተካት ይችላል። ለመጠገን መመቸት ራሱን የቻለ የምህንድስና ጥራት ነው፤ የዛሬ መኪና ሠሪዎችም እጅግ የዘነጉት ይህንኑ ነው።

ቮልቮ ከደኅንነትና ከአየር ጥራት ታሪክ ጋር ያለው ግንኙነትም እውነተኛ ነው። ዛሬ በሁሉም መኪና ውስጥ የሚገኘውን ባለሦስት ነጥብ የደኅንነት ቀበቶ እ.ኤ.አ. በ1959 ለገበያ ያቀረበው የድርጅቱ መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን ነው፤ ድርጅቱም ሌሎች አምራቾች ንድፉን እንዲጠቀሙበት ፈቅዷል። በጭስ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን እየለካ የነዳጁን መጠን የሚያስተካክለው ላምዳ ሴንሰር ከሦስት አቅጣጫ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ጋር ተጣምሮ በገበያ መኪና ላይ የዋለውም በዚሁ በ240 ቤተሰብ ለ1977 የካሊፎርኒያ ገበያ ሲቀርብ ነው።

ሆኖም ድክመቷንም መደበቅ አይገባም። በ1980ዎቹ ከተመረቱት ውስጥ ብዙዎቹ የሞተር ሽቦዎች ሽፋናቸው በሙቀት እየተፈረፈረ የሚረግፍ ነበር። የኋላው በር በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር በማጠፊያው በኩል የሚያልፉት ሽቦዎች እየታጠፉ ይበጠሳሉ፤ ያን ጊዜ የሰሌዳ መብራቱ፣ የመስታወት ማሞቂያውና መጥረጊያው ሥራ ያቆማሉ። የማሞቂያውን አየር የሚነፋው ትንሽ ሞተር በዳሽቦርዱ ጥልቀት የተቀበረ ስለሆነ እርሱን ለመቀየር ግማሹን ዳሽቦርድ ማፍረስ ግድ ይላል። ጨው በሚበተንበት የክረምት መንገድ የምትነዳ መኪና ደግሞ ሆዷን ዝገት ይበላዋል። አሮጌ መኪናን በየቀኑ መንዳት ማለት እነዚህን ሁሉ አስቀድሞ ማወቅና «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ብሂል የሥራ መመሪያ ማድረግ ማለት ነው።

ዝቅ ያለች መኪና፣ ከፍ ያለ አደጋ

አሮጌ ስቴሽን ዋገን የገዛ ወጣት ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚነካው ሞላዋን ነው። መኪናዋ ዝቅ ስትል ታምራለች፤ የክብደት ማዕከሏም ስለሚወርድ በመታጠፊያ ላይ የምታዘነብለው ይቀንሳል። እስከዚህ ድረስ ፊዚክሱ ከእርሱ ጋር ነው። ችግሩ የሚመጣው አዲስ ሞላ በመግዛት ፋንታ የነበረው ሲቆረጥ ነው።

የሞላ ጥንካሬ ከሚሠሩት ዙሮች ብዛት ጋር የተገላቢጦሽ ግንኙነት አለው። ስምንት የሚሠራ ዙር ያለው ሞላ ሁለቱ ቢቆረጡበት ጥንካሬው ወደ 33 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የሚጨመቅበት ርቀት ግን በዚያው ልክ አጥሯል። ስቴሽን ዋገን ደግሞ ባዶዋን ስትሆንና ሙሉ ስትጫን የክብደቷ ልዩነት ከሌላው መኪና ይበልጥ የሰፋ ነው። ኋላ ወንበሯ ላይ ሦስት ሰው፣ ከኋላቸው ደግሞ ሻንጣና ማዳበሪያ ሙሉ ዕቃ ሲጫን የተቆረጠው ሞላ ገና መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ ርቀቱን ይጨርሳል። በመታጠፊያ ላይ ጉድጓድ ሲያጋጥም እግሩ የሚያርፈው በላስቲኩ ማቆሚያ ላይ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ጎማው መሬት የመያዝ አቅሙን በድንገት ያጣል፣ የመኪናዋ ጀርባም ይንሸራተታል።

በ240 ላይ ሌላም ነገር አለ። የኋላ ጎማዎቿ የሚያያዙት በአንድ ጠንካራ አክስል ነው፤ ይህ አክስል ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው አንድ አግድም ዘንግ አለ። የዘንጉ አንድ ጫፍ ከአክስሉ፣ ሌላው ጫፍ ከመኪናዋ አካል ጋር ስለታሰረ መኪናዋ ዝቅ በተደረገች ቁጥር አክስሉ በመጠኑ ወደ አንድ ጎን ይገፋል። ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ መግጠም ይህን ያርመዋል። ብዙ ሰው ግን ሞላውን ይቀንሳል እንጂ ዘንጉን አያስታውሰውም። አንድ ክፍል ሲነካ ከእርሱ ጋር የተያያዙት ሁሉ አብረው እንደሚነኩ አለመገንዘብ የአብዛኞቹ የማሻሻያ ስህተቶች ምንጭ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደተባለው ነው።

የሚያስኬደውና የሚያቆመው

ሁለተኛው ፈተና ጉልበት ነው። 114 የፈረስ ጉልበት ለዛሬው አውራ ጎዳና ዘገምተኛ ስለሚመስል ቱርቦ መግጠም ያጓጓል። የሞተሩ ብረት ይችለዋል፤ ጥያቄው የቀረው መኪና ይችለዋል ወይ ነው።

የሚንቀሳቀስ ነገር ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የምትሄደው መኪና ወደ 120 ከፍ ብትል የፍጥነቱ ጭማሪ 20 በመቶ ሲሆን፣ ለማቆም ወደ ሙቀት መለወጥ ያለበት ጉልበት ግን በ44 በመቶ ይጨምራል። 240 በዘመኗ በአራቱም ጎማዎቿ ላይ ዲስክ ፍሬን የነበራት መሆኑ የሚያስመሰግናት ነው። ዲስኩ ግን የተሠራው ለፋብሪካው ሞተር ነው፤ በረጅም ቁልቁለት ላይ ደጋግሞ ሲያዝ የሚጠራቀመው ሙቀት ወደ ፍሬን ዘይቱ ይሻገራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ኬሚስትሪ አለ። የተለመደው የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የተባለው ደረጃ አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ዲግሪን ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ደግሞ እንደ ፈሳሽ ሳይሆን ተጨምቆ ይጠፋል፤ ሹፌሩ ፍሬኑን ይረግጣል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናዋ ግን ትሄዳለች። ለዓመታት ዘይቱ ያልተቀየረላት፣ ቱርቦ ግን የተገጠመላት መኪና በዚህ አደጋ አፋፍ ላይ ናት። የፍሬን ዘይት መቀየር ከቱርቦ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ወጪ ሊባል የሚችል አይደለም።

ከፍሬን ቀጥሎ ጎማ ይመጣል። አሮጌ መኪና ብዙ ጊዜ ስለማትሄድ ጎማዋ ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ያረጃል። በጎማው ጎን ላይ ያሉት የመጨረሻ አራት አሃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 የሚል ከተጻፈ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ሙቀት ላስቲክን ስለሚያደርቅ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚነዳ ሰው ይህን ማንበብ የበለጠ አስፈላጊ ነው። ጥርሱ ያላለቀ የአሥር ዓመት ጎማ ላይ ተማምኖ ቤተሰብ ይዞ አውራ ጎዳና መውጣት ድፍረት ነው።

ከኋላ በኩል የሚገባው

ስቴሽን ዋገንን ከሌሎች መኪናዎች የሚለይ አንድ ጠባይ አለ፤ ሰለ እርሱም በማሻሻያ ወሬ መካከል ሲነሳ አይሰማም። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጀርባ ያለው መኪና ሲሄድ ከበስተኋላው ግፊቱ ዝቅ ያለ የአየር ክልል ይፈጠራል። ይህ ክልል ጭሱን እየሳበ ወደ ኋላው በር ያስጠጋዋል። የበሩ ጎሚኒ ያረጀ ከሆነ፣ ወይም ረጅም ዕቃ ተጭኖ በሩ በገመድ ታስሮ ግማሽ ተከፍቶ ከተሄደ፣ ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል። ማርሚታው ለድምፅ ሲባል ተቀይሮ ጫፉ ከመኪናዋ ሆድ ሥር እንዲቀር ከተደረገ ደግሞ አደጋው ይብሳል።

በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። መጀመሪያ የሚጎዱትም በኋላ ወንበር የተቀመጡት ልጆች ናቸው። ራስ ምታትና ማንቀላፋቱ የጉዞ ድካም ይመስላል፤ ማንም አይጠረጥርም። መፍትሔው ቀላልና ርካሽ ነው። የኋላውን በር ጎሚኒ መቀየር፣ ማርሚታው የትም ቢሠራ ጫፉ ከመኪናዋ አካል አልፎ እንዲወጣ ማድረግ፣ በሩን ከፍቶ አለመንዳት።

የጭነት ክፍሉና ተሳፋሪው በአንድ ጣሪያ ሥር መሆናቸውም ሌላ ስሌት ይጠይቃል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ተጋጭታ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ውስጥ ብትቆም፣ ውስጧ ያለ ነገር ሁሉ ከክብደቱ 14 እጥፍ በሚሆን ኃይል ወደ ፊት ይወረወራል። ወደ አዲስ አበባ የሚበር ዘመድ ለመሸኘት የተጫነች የተለመደችው ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ በዚያች ቅጽበት ከ320 ኪሎ በላይ ትመዝናለች ማለት ነው። በተሳፋሪና በጭነት መካከል የብረት ፍርግርግ ወይም ጠንካራ መረብ መግጠም ከማናቸውም የውበት ለውጥ ይቀድማል።

ብርሃን ያለ ጌጥ

ማሻሻያ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ከፋብሪካው የተሻለ ነገር ማድረግ ይቻላል። መብራት ጥሩ ምሳሌ ነው። በአሮጌ መኪና ላይ ለፊት መብራት የሚሄደው ኤሌክትሪክ በቀጫጭን ሽቦዎችና በዛጉ ማገናኛዎች ሲያልፍ ከቮልቴጁ ይጎድላል። የሃሎጅን አምፖል ብርሃን ደግሞ ቮልቴጅ ሲቀንስ ከዚያ በእጅጉ በባሰ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ቮልቴጁ በ10 በመቶ ሲጎድል ብርሃኑ ወደ 30 በመቶ ገደማ ይጠፋል። ከባትሪው በቀጥታ ወፍራም ሽቦ ስቦ በሪሌይ ማስነሣት የጠፋውን ብርሃን ይመልሳል። ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ በሌሊት ዝናብ የሚታይ ነው።

ብዙዎች የሚመርጡት ግን አቋራጩን ነው፤ ለሃሎጅን በተሠራ መስታወት ውስጥ ኤልኢዲ አምፖል ይከታሉ። አንጸባራቂው የተቀረጸው የሃሎጅኑ ሽቦ ባለበት ትክክለኛ ቦታ ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ፣ የብርሃኑ ምንጭ ቅርጽና ቦታ ሲለወጥ ጨረሩ ይበተናል። ሹፌሩ ከፊቱ ያለው አስፋልት ስለነጣለት ያየ ይመስለዋል፤ ከወዲያ የሚመጣው ሰው ግን ይታወራል። ለዚያች መኪና በሕግ የተፈቀደ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር ይህ ማሻሻያ ሳይሆን አደጋውን ለሌላ ሰው ማሻገር ነው።

የማይጠገን ነገር

ይህ ሁሉ በአግባቡ ተሠራ እንበል። ከዚያ በኋላም በመፍቻ የማይደረስበት ወሰን አለ። መኪና ሲንሸራተት እያንዳንዱን ጎማ ለየብቻ እየያዘ መሥመሩን የሚመልሰው የኤሌክትሮኒክ መረጋጊያ በአሜሪካ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ በአዲስ መኪናዎች ላይ ግዴታ ሆኗል። የአሜሪካው የአውራ ጎዳና ደኅንነት መድን ተቋም እንደሚለው ይህ መሣሪያ አንድ መኪና ብቻውን በሚደርስበት ገዳይ አደጋ የመሞትን ዕድል በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ይኸው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2009 የ1959 ሸቭሮሌት ቤል ኤርን ከ2009 ሸቭሮሌት ማሊቡ ጋር ፊት ለፊት አጋጭቶ ነበር። የአሮጌዋ የተሳፋሪ ክፍል ተጨፍልቆ የአዲሷ ግን ሳይፈርስ ቀርቷል። «የድሮ ብረት ወፍራም ነው» የሚለው ክርክር በዚያን ዕለት በካሜራ ፊት ተረትቷል።

ቮልቮ 240 ቤል ኤር አይደለችም፤ የፊቷና የኋላዋ ብረት በግጭት ጊዜ ተጨማዶ ጉልበቱን እንዲውጥ ተደርጎ የተነደፈ ነው። የጎን መጋረጃ ኤርባግ ግን የላትም። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ2012 የጀመረውን፣ የመኪና የፊት ጥግ ብቻ የሚመታበትን ፈተና ታሳቢ አድርጋም አልተሠራችም። ይህን ማንም ማሻሻያ አይጨምርላትም። ስለዚህ ብቸኛዋ የቤተሰብ መኪና እርሷ ከሆነች፣ ሕፃናት የሚሳፈሩባት ከሆነ፣ መንገዱም በየቀኑ በከባድ መኪና የተጨናነቀ ረጅም አውራ ጎዳና ከሆነ፣ ሐቀኛው ምክር «ሌላ መኪና ፈልግ» የሚል ነው። ፍቅር ከፊዚክስ ሕግ ነጻ አያወጣም።

የነዳጅ ሒሳብ

ስለ አካባቢ የሚነሳው ክርክርም በሁለቱም ወገን በግምት የተሞላ ነው። አንዱ «አሮጌ መኪና አየር ይበክላል» ሲል ሌላው «አዲስ መኪና ማምረትም ይበክላል» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚለያቸው የሚነዳው ርቀት ነው።

አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ 2.3 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። አሮጌዋ ስቴሽን ዋገን በ100 ኪሎ ሜትር 11 ሊትር፣ አንዲት አዲስ ሃይብሪድ ደግሞ 5 ሊትር ትጠጣለች እንበል። አዲሷን ለማምረት 7 ቶን ካርቦን ወጥቷል ብለንም እንገምት። በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ 900 ሊትር፣ ማለትም ከ2 ቶን ጥቂት የበለጠ ካርቦን ነው፤ አዲሷ መኪና የማምረቻ ዕዳዋን በሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ትከፍላለች። በዓመት 5,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ለሚነዳው ግን ያው ዕዳ እስኪከፈል አሥር ዓመት ይፈጃል። ሥራው ቅርብ የሆነ፣ ከተማ ውስጥ ባቡር የሚጠቀም፣ መኪናዋን ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ ጉዞ የሚፈልጋት ሰው በአሮጌዋ ቢቆይ በካርቦን ሒሳብ አይወቀስም።

ካርቦን ግን የጭስ ሁሉ ነገር አይደለም። ሳንባ የሚጎዱት ናይትሮጅን ኦክሳይድና ያልተቃጠለ ነዳጅ የሚወገዱት በካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ነው፤ እርሱም የሚሠራው ላምዳ ሴንሰሩ የአየርና የነዳጁን ምጥጥን በ14.7 ለ1 አካባቢ ሲጠብቅለት ብቻ ነው። ለጉልበትና ለድምፅ ሲባል ኮንቨርተሩን አውጥቶ መጣል ከዚህች መኪና ታሪክ ውስጥ ምርጡን ምዕራፍ መቅደድ ነው። በአሜሪካም በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው።

ሕግ፣ መድን፣ አገር ቤት

የሚኖሩበት አገር ሕግም ውሳኔውን ይለውጠዋል። በካሊፎርኒያ ከ1976 ሞዴል ወዲህ ያሉ የቤንዚን መኪናዎች የጭስ ምርመራ ይጠበቅባቸዋል። በጀርመን 30 ዓመት የሞላትና በጥሩ ይዞታ የተጠበቀች መኪና የታሪካዊ መኪና ሰሌዳ ልታገኝ ትችላለች፤ በዘመኗ ያልነበረ ማሻሻያ የበዛባት ግን ይህን መብት ታጣለች። በለንደን እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 መጨረሻ ጀምሮ ዝቅተኛ የጭስ ቀጠናው መላ ከተማዋን ያካተተ ሲሆን፣ ደረጃውን የማታሟላ መኪና በነዳችበት ቀን 12.50 ፓውንድ ትከፍላለች። በዓመት 250 ቀን ለሚሠራ ሰው ይህ 3,125 ፓውንድ ይሆናል። ነጻ የምትሆነው 40 ዓመት ሲሞላት ስለሆነ በ1990 የተመረተች መኪና የለንደን ሠራተኛ የዕለት መጓጓዣ ልትሆን አትችልም።

መድንን በተመለከተ የተደረገውን ለውጥ ሁሉ ለድርጅቱ ማሳወቅ ግድ ነው። ያልተነገረ ቱርቦ በአደጋ ቀን ካሳ ለመከልከል ምክንያት ሊሆን ይችላል። ለታሪካዊ መኪና የሚሰጠው ርካሽ መድንም ብዙውን ጊዜ ወደ ሥራ መመላለስን አይሸፍንም።

«ስትበቃኝ ወደ አገር ቤት እልካታለሁ» የሚል ሰውም ተስፋውን ቢከልሰው ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለች። ከአገር ቤት መውሰድ የሚገባው ሌላ ነገር ነው። በሐረር መንገዶች ላይ ለአሥርት ዓመታት ሲያገለግሉ የታዩት ፔዦ 404 ታክሲዎች የሚነግሩን መኪናን ዕድሜ ብቻውን እንደማይገድላት፣ የሚገድላት የጠጋኝና የመለዋወጫ እጦት እንደሆነ ነው። የሚጥል ሳይሆን የሚጠግን እጅ ማክበር አገር ቤት ያደገ ሰው ይዞት የወጣ ሀብት ነው። ይህ ሀብት ግን «እንደምንም ትሂድ» ከሚለው ልማድ መለየት አለበት፤ በሽቦ የታሰረ ማርሚታና የተቆረጠ ሞላ ጥገና አይባሉም።

ምን ይሁን?

መንግሥታት መኪናን በተመረተችበት ዓመት ብቻ ከሚፈርዱባት ይልቅ በምታወጣው ጭስ፣ በፍሬኗና በአካሏ ይዞታ ቢመዝኗት ይሻል ነበር። አምራቾችም ባለቤቱ በገዛ እጁ ሊጠግነው የሚችል መኪና እንዲሠሩ ግፊት ሊደረግባቸው ይገባል፤ የ240 ትልቁ ትምህርት ይህ ነውና። እስከዚያው ድረስ ኃላፊነቱ የሚወድቀው በባለቤቱ ላይ ነው።

አሮጌ ስቴሽን ዋገን ይዞ የዕለት ኑሮውን ሊመራ የሚፈልግ ሰው ገንዘቡን በዚህ ተራ ያውጣ። በቅድሚያ ፍሬን፣ ጎማና መሪ። ቀጥሎ ሽቦ፣ መብራትና የኋላ በር ጎሚኒ። ከዚያ ሻንሲና ዝገት፣ የጭነት መረብ፣ ደህና ቀበቶ። ሾክ አብሶርበርና ሞላ ከዚህ በኋላ ይምጡ፤ ለጭነቷ የተመጠኑም ይሁኑ። ጉልበት ከሁሉ መጨረሻ ነው። ዝርዝሩን እስከ ታች ተከትሎ የሚሄድ ሰው ቱርቦው ጋ ሲደርስ አንድም ገንዘቡ አልቆ፣ አንድም መኪናዋ እንዳለች እንደምትበቃው ተረድቶ ሊሆን ይችላል። በሁለቱም መንገድ ቤተሰቡ በሰላም ቤቱ ይገባል።